መምህሩ የሚያስቆማት ቦታ

አያቷ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። በጀሶ የታሸገው እግራቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት፣ በሌላው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። ከምድር ቤቱ ክፍላቸው እስከዚያ ድረስ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ እንደወጡ ሱሪያቸው ላይ ያለው አቧራ ያስታውቃል።

«እንዴት አደራችሁ?» አሉ ቀና ብለው።

እናቷ አልመለሰችም። የልጇን አንጓ ጨምድዳ ይዛ፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ በአባቷና በግድግዳው መካከል በቀረችው ጠባብ ቦታ አለፈች። ስታልፍ የጫማዋ ተረከዝ ጀሶውን መታው። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነከሱ።

«እማዬ፣ ውሃ አልቆባቸው እኮ ነው...»

«ወደ ፊት እያየሽ ተራመጂ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው። አያቷ ጀሪካኑን ከፍ አድርገው ነቀነቁላትና ሊስቁላት ሞከሩ። ባይስቁ ይሻል ነበር።

ልጅቷን ሁሉም ሰው ቃጭል ይላታል። ስሙን ያወጡላት እኚሁ አያቷ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ እሷ ጨቅላ ሆና ስታለቅስ «ይቺ ልጅ አይደለችም፣ ቃጭል ናት! የአውቶቡሱን ጥሩንባ የማስጠግነው በከንቱ ነው» ብለው ነበር አሉ። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ድምፅዋ ያው ነው፤ ጥርት ያለ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጋ ሳይቸገር የሚደርስ። በጉባኤው አንባቢ ያደረጓትም ለዚህ ነው።

ጉባኤው ወደ ቤታቸው የገባው አባቷ በሞተ ጊዜ ነው። ያኔ ደግ ነበሩ፤ ቃጭል ይህን አትክድም። እናቷ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት ሳህን ያጠቡት፣ ልብስ ያሰጡት፣ እሷን ትምህርት ቤት ያደረሷት እነሱ ናቸው። ትምህርቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እንደሳቱ ተነገራቸው። ቀጥሎ ቅዱሱን መጽሐፍ በትክክል የሚረዳው የጉባኤው መምህር ብቻ እንደሆነ፣ ለብቻ ማንበብም ትዕቢት እንደሆነ። ከዚያ መምህሩን «አባታችን» ማለት መጣ፤ በእሱ በኩል ያልቀረበ ጸሎት ከጣሪያ አያልፍም ተባለ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢመጣ ኖሮ እናቷ እንኳ ትስቅ ነበር።

አያቷም ለልጃቸው ሲሉ ለጥቂት ጊዜ አብረው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ፣ ይህ ጉባኤ እስኪመሠረት ድረስ እውነት ከምድር ጠፍቶ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት የሞተ ሁሉ በጨለማ እንደሞተ ሲያስተምር፣ ሽማግሌው «ወራጅ አለ» እንደሚል ተሳፋሪ እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ መምህር፤ እኔ ሹፌር ነኝ፣ ብዙም አልተማርኩ። ግን አልገባኝም። እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ጌታ የሞተው ለማን ነበር?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ወዲያው አፉን ያዘ። መምህሩ አልተቆጣም፤ ሲቆጣ ያየው ሰው የለም። በዚያ በለስላሳ ድምፁ «መልሱ ለትሑታን ይሰጣል» ብሎ አለፈው። በሚቀጥለው ጉባኤ ግን ሽማግሌው «ተለይተዋል» ተብሎ ታወጀ። የተለየ ሰው ሰላም አይባልም፤ ከእሱ ጋር አይበላም፤ ቢወድቅም አይነሳም።

ወደቁም። መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው እግራቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል የተመለሱ ዕለት ልጃቸውን፣ እስኪያገግሙ ድረስ ውሃ እንድታቀርብላቸውና የሚቀመስ ነገር እንድትሠራላቸው ለመኗት። እሷ ከደጃፉ ሳታልፍ፣ በቃሏ እንዳጠናችው ነገር «ጊዜዬም ጉልበቴም ለጌታ ተሰጥቷል፤ ላንተ የሚተርፍ የለኝም» አለቻቸው። እናቷ አባቷን «አንተ» ስትል ቃጭል የሰማችው ያን ቀን ነው። አያቷን ከተሰበረው እግር ይልቅ ያቺ «አንተ» ያመመቻቸው መሰላት።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ በምትውልበት ሰዓት፣ ቃጭል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃቸውን በድብቅ ትቀዳላቸዋለች። ደረጃው ላይ ያለፏቸው ዕለት ግን የዕረፍት ቀን ነበር፣ ጉባኤ ነበር፣ እናቷም አንጓዋን አለቀቀችም።

ጉባኤው የሚሰበሰበው ከጎሚስታው በላይ ባለ አዳራሽ ነው። የጎማው ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ከታች ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር የፕላስቲክ ወንበሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ቃጭል ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ መምህሩ የጠቆማትን ክፍል ማንበብ ጀመረች። ጌታ የዘመኑን የሃይማኖት አስተማሪዎች ግብዞች ብሎ የገሠጸበት ቦታ ነበር፤ አፋቸው ያከብረኛል ልባቸው ግን ሩቅ ነው፣ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ጥለው የሰው ወግ ይዘዋል የሚልበት። እዚያ ላይ መምህሩ ጣቱን አነሳ። ጣት ሲነሳ ማቆም ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ቃጭል አቆመች።

«ሰማችሁ?» አለ መምህሩ። «የሰው ወግ! በውጭ ያሉት እነዚህ ናቸው።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

መምህሩ ግራጫ ሹራቡን እያስተካከለ ቀጠለ። «እስካሁን የተለዩትን ስንርቅ የቆየነው እኛ ትልልቆቹ ነን። በሚቀጥለው ጉባኤ ወጣቶቻችን ይቆማሉ። እያንዳንዱ የተለየ ዘመዱን ጠርቶ፣ በሁላችን ፊት ‹አላውቀውም› ይላል። አንባቢያችን ቃጭል ትጀምርልናለች።»

ቃጭል ወደ ቦታዋ ስትመለስ እናቷ እጇን ጨበጠቻት፤ በኩራት ይሁን በፍርሃት አልለየላትም። ከፊታቸው አዳራሹን የሚያጸዱት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ከጉባኤው ውጭ ያለች ሴት አግብቶ ከተለየ ቆይቷል። አሮጊቷ «አሜን» አላሉም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

* * *

«አያትሽን? አላውቃቸውም?» የቃጭል ጓደኛ የያዘችውን ብስኩት ከአፏ መለሰች። ይህችን ልጅ ክፍል ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። «ሲሪየስ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም እኮ ያልኩት። እነሱ ናቸው።»

«አንቺ ነሻ የምትዪው! ያውም በማይክ! አቦ፣ ይሄማ ሼም ነው። እኔን ራሴን ‹ተሳፋሪዬ መጣች› እያሉ ከረሜላ የሚሰጡኝን ሰውዬ?»

«መጽሐፉ ላይ አለ ይላሉ። ከጌታ ይልቅ አባቱን የሚወድ የሚል አለ።»

«እሺ፣ አንብበሽዋል?»

«ለብቻ ማንበብ አይፈቀድም።»

«ቆይ፣ አንባቢዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«የሚሰጠኝን ነው የማነበው። ሲያስቆሙኝ አቆማለሁ።»

ሬዲዮ ብስኩቱን ወደ ማሸጊያው መለሰችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ራሱ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እናቴን ጠይቂያት። ግን መጽሐፉ ሙሉው ስልኬ ላይ አለ። እኔ ውሃ ልጠጣ ሄጃለሁ፣ ምንም አላየሁም።»

ቃጭል ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከመሩበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። ባለፈው ያነበበችውን ክፍል ፈለገች። ግብዞቹ፣ ከንፈሩ፣ ልቡ፣ የሰው ወጉ። መምህሩ ጣቱን ያነሳበት ቦታ ላይ ስትደርስ ከልማድ የተነሳ ቆመች። ማንም አልነበረም። ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስታነብ ጆሮዋ ጋለ። ጌታ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ለእነዚያው አስተማሪዎች፣ የሰው ወግ የተባለው የትኛው እንደሆነ እየነገራቸው ነበር። እግዚአብሔር አባትና እናትህን አክብር ብሏል፤ እናንተ ግን አንድ ሰው ወላጁን «አንተን የምረዳበት ነገር ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» ካለው በቃ ነፃ ነው ትላላችሁ፤ ለአባቱም ለእናቱም ምንም እንዳያደርግ ትከለክሉታላችሁ፤ በዚህ ወጋችሁም የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ ይላል።

እንደገና አነበበችው። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆማ የተናገረችው ያ ቃል እዚህ ነበር፤ ያውም በጌታ አፍ ተወግዞ።

ወደ ሌላውም ሄደች። ከጌታ ይልቅ አባቱን የሚወድ የሚለውን ፈልጋ አገኘችው። አለ። አልካደችውም። ግን አስበልጠህ አትውደድ ነው የሚለው፤ እግሩ የተሰበረ አባትህን ተራምደህ እለፍ አይልም። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ክርስቶስ ብቻ እንደሆነ የሚናገረውን አገኘች። ሐዋርያው ያስተማራቸው ነገር እውነት መሆኑን ለማየት በየቀኑ መጽሐፉን ይመረምሩ ስለነበሩ ሰዎች አነበበች፤ ትዕቢተኞች አልተባሉም፣ ተመሰገኑ እንጂ። በምድር ላይ ማንንም አባት ብላችሁ አትጥሩ የሚለው ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠጋችው።

መምህሩ አላየውም ማለት አይቻልም። ጣቱ የተነሳው ልክ አፋፉ ላይ ነው። የሚቀጥለውን ያላነበበ ሰው እንደዚያ አድርጎ ቦታው ላይ አያቆምም። ደግሞ በማን ድምፅ? በእሷ ድምፅ! ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት አቁሞ እኩሌታውን ሲያስነግራት ነበር። አያቷ ያወጡላትን ስም ይዛ፣ በዚያው ድምፅ፣ አያቷን ለመለየት አግዛለች ማለት ነው።

ደወል ተደወለ። ሬዲዮ መጥታ ክንዷን ስትስባት ነው የሰማችው።

* * *

ያም ሆኖ መምህሩ ምናልባት መልስ ይኖረዋል ብላ አሰበች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። መምህሩ ከአዳራሹ ኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር።

«ቁጭ በይ ልጄ። ለጉባኤው ተዘጋጅተሻል?»

«አባታችን፣ ባለፈው ያነበብኩት ቦታ... ቀጥሎ ያለውን አነበብኩት።»

ፊቱ አልተለወጠም። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። ግን ስለ ወላጆች ነው የሚለው። ጌታ የተቆጣው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል እያሉ ሰው ወላጆቹን እንዲተው በሚያስተምሩት ላይ ነው። እኛ ደግሞ...»

«እዚያ ላይ አባት የተባለው የሥጋ አባት አይደለም» አለ መምህሩ በለሆሳስ። «መንፈሳዊ አባት ነው። ለአንቺም፣ ለእናትሽም አባት የሆንኩት እኔ ነኝ።»

«በምድር ማንንም አባት ብላችሁ አትጥሩ የሚለውስ?»

ከታች ኮምፕረሰሩ ተነሳ። መምህሩ እስኪያቆም ጠበቀ።

«ሰይጣንም መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ልጄ።»

«አዎ። ጌታ ግን ‹አትጠይቀኝ› አላለውም። ከመጽሐፉ ነው የመለሰለት። እርስዎም ከመጽሐፉ ይመልሱልኝ።» ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ራሷን አስደነገጣት።

መምህሩ ወንበሩን አስጠግቶ፣ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና ሁሉ ጎንበስ አለ። «እናትሽ ወድቃ ማን ነው ያነሳት? እኛ ነን። አንቺ ካመፅሽ ከአንቺም ትለያለች። ባሏን አጥታለች፣ አባቷን አጥታለች። አንድ የቀረቻትን ልጇንም እንድታጣ ትፈልጊያለሽ?»

«አባቷ አልሞቱም» አለች ቃጭል። «ምድር ቤት ናቸው።»

«በጉባኤው እንገናኝ» አለና በሩን ከፈተላት።

ቃጭል በቀጥታ ወደ አያቷ ክፍል አመራች። ያናደዳት መልስ ማጣቷ ብቻ አልነበረም። ጥያቄ ይዛ ብትሄድ እናቷን መያዣ አድርጎ መለሳት። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ይገልጥ ነበር።

አያቷ በራቸውን ገርበብ አድርገው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውሃውን ቀድታ ስትጨርስ የሚጠበቅባትን ነገራቸው። ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ።

«በይው» አሉ።

«ምን?»

«አላውቀውም በይ። እኔ አልቀየምሽም። አለቃዬ ስንት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ስሜን አያውቀውም ነበር፤ ምን ሆንኩ?» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «በእኔ ምክንያት ከእናትሽ እንዳትጣዪ። እሷ ብቻዋን መሆን አትችልም። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።»

«አባባ፣ እንዴት እንዲህ ይሉኛል?» ዕንባዋ መጣ፤ ግን የኀዘን አልነበረም። «እሱ በአንድ በኩል፣ እርስዎ በሌላ በኩል፣ ሁላችሁም ዋሺ ነው የምትሉኝ!»

አያቷ ደነገጡ። እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ዳሰሷት።

* * *

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ ከፊት ተደርድረዋል። ቃጭል መጽሐፉን ይዛ ማይክሮፎኑ ጋ ስትቆም እናቷን ፈለገቻት፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በካውያ የደረቁ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«መጀመሪያ ባለፈው ያነበብኩትን ላንብብ» አለች ቃጭል።

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎት ይመስላል። አነበበች። ግብዞቹ ጋ ደረሰች፣ የሰው ወጉ ጋ ደረሰች። ጣቱ ተነሳ። ቃጭል ጣቱን በደንብ አየችው፤ የአንድ ሰው ጣት ነው፣ ጫፉ ላይ ቀለም ነክቶታል። ዝቅ ብላ ማንበቧን ቀጠለች።

አባትና እናት የሚለው ላይ ስትደርስ ማይክሮፎኑ ጠፋ። ለእሷ ማይክሮፎን ምን ያደርግላታል? ደረቷን ሞልታ አነበበችው። ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል የሚለውን፣ ምንም እንዳያደርግ ትከለክሉታላችሁ የሚለውን፣ ቃሉን ትሽራላችሁ የሚለውን፣ አንድም ሳታስቀር።

«አያቴን አውቃቸዋለሁ» አለች ቀና ብላ። «እግራቸው ተሰብሯል። ከእኔ ሌላ ውሃ የሚያቀርብላቸው የለም። ይኼው ነው።»

«ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ተለይታለች» አለ መምህሩ። «ማንም...»

«እንደገና አንብቢልኝ።»

አዳራሹን የሚያጸዱት አሮጊት ተነስተው ቆመዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ አላስተዋሉትም።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አለ መምህሩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ይሄ ነገር እውነት እዚያ ላይ ተጽፏል ወይ? ልጄ ስንቴ ደጄ መጣ፣ አልከፈትኩለትም። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው። አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

«ተቀመጡ!» መምህሩ ጮኸ። ጩኸቱ ከኮምፕረሰሩ ይበልጥ ነበር። ከፊት ከተቀመጡት ሕፃናት አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

ቃጭል አልጮኸችም። ማይክሮፎኑን ትታ አሮጊቷ አጠገብ ሄደች፤ መጽሐፉን ለሁለት ይዘው፣ ጣቷን በየፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ቀስ ብላ እንደገና አነበበችላቸው። አሮጊቷ ከንፈራቸውን አብረዋት ያንቀሳቅሱ ነበር። ስትጨርስ መጽሐፉን እጃቸው ላይ ትታላቸው ወደ በሩ ሄደች። ሁለተኛው ረድፍ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አዘገየች። እናቷ ቀና አላለችም።

* * *

እናቷ ያን ዕለት ቤት ስትገባ ዐይኗ አብጦ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «አዋረድሽኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። የቃጭልን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ የራሷን ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ትበላለች። የልጇ ዩኒፎርም ተተኩሶ ወንበር ላይ ይገኛል፤ ማን እንደተኮሰው ግን አይነገርም። ደረጃው ላይ ሲገናኙ እናቷ ዐይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች።

ቃጭል መጀመሪያ ልትቆጣት ፈለገች። ሌሊት የምትናገረውን አዘጋጅታ ትነሳና፣ ከቧንቧው ሥር ያጎነበሰውን የእናቷን ጀርባ ስታይ ቁጣው ወደ መምህሩ ግራጫ ሹራብ ይሄዳል። አባቷን ደረጃ ላይ ተቀምጠው እያየች እንድታልፍ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ደግሞ ልጇን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳታናግር አስተምሯታል፤ እናቷም ሳህን እያቀረበች፣ ዩኒፎርም በድብቅ እየተኮሰች፣ እናትም የጉባኤው ታዛዥም ለመሆን ትሞክራለች። ስለዚህ ቃጭል የወሰነችው ይህን ብቻ ነው፤ እነሱ ያስተማሩትን ለእናቷ መልሳ አታደርገውም። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ «እንደምን አደርሽ፣ እማዬ?» ትላለች። መልስ አትጠብቅም። ትልና ትሄዳለች።

ሬዲዮ ሙሉውን ስትሰማ «እኔ ብሆን ድሮ ቤት ለቅቄ ነበር» አለች። «ተለይተሽ የት ትሄጃለሽ? አንቺ እኮ የሂሳብ የቤት ሥራ የምትሰጭኝ ነሽ» ብላ ሳቀች፤ ከዚያም የራሷን ብስኩት ለሁለት ከፍላ ትልቁን ሰጠቻት። አሮጊቷ ደግሞ መንገድ ላይ አግኝተዋት ነበር። ወደ ልጃቸው ቤት ሄደው እንደሆነ ልትጠይቃቸው ፈራች። እሳቸው ግን ሳትጠይቃቸው «ለካ ምራቴ አጭር ናት፤ ልጄ ረጅም ነው» ብለው፣ ሌላ ምንም ሳይሉ፣ ፈጠን ብለው አለፉ።

በዕረፍት ቀን፣ የጉባኤው ሰዓት ሲደርስ፣ እናቷ አልወጣችም። ልብስ ለብሳ ነበር። ቦርሳዋን ይዛ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቆየችና ቦርሳውን መልሳ አስቀመጠችው፤ ራሴን አመመኝ የምትል ይመስላል፣ ግን የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

ቃጭል ለአያቷ ሾርባ እየሠራች ነበር። ካሮት ከትፋ ጨምራለች፣ ድንቹ ሊፈርስ ነው። እናቷ ገብታ ከጎኗ መታጠብ የማያስፈልገው ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። በመካከላቸው ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ክርናቸው ይነካካል። ቃጭል ቀምሳ፣ አልጣፈጣትምና የጨው ዕቃውን አነሳች።

«ሐኪሙ ጨው ከልክሏል።»

እናቷ ናት። ፊቷን ወደ ድስቱ አድርጋ፣ ድስቱን እያናገረች ነው የተናገረችው። ድስት አልተለየም፤ ድስትን ማናገር አይከለከልም።

ቃጭል ይህን አልሰማችም ነበር። አያቷም አልነገሯትም፤ ጨው ይወዳሉ። እናቷ አንድ ሰው ጠይቃለች ማለት ነው፤ የሆነ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ ማንም ሳያያት።

ብዙ ነገር አፏ ላይ መጣ። አየሽ፣ ልትላት ትችል ነበር። እንዴት አወቅሽ፣ ልትላት ትችል ነበር። አንዱንም አላለችም። የጨው ዕቃውን ቦታው መለሰችው፣ እሳቱን አጠፋች፣ ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ቀዳች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ካሉት ማንኪያዎች ሁለቱን ለራሷና ለአያቷ አወጣች፤ ትንሽ አሰበችና ሦስተኛ ጨመረች።

«ወደ ታች ልወርድ ነው፣ እማዬ» አለች።

ውሃው መፍሰሱን አላቆመም። ቃጭል ሳህኑን በሁለት እጇ፣ ማንኪያዎቹን በኪሷ ይዛ ወጣች፤ የቤቱንም በር ሳትዘጋው ደረጃውን ወረደች።